ዳታ ሳያልቅ የትምህርት ቪዲዮ መሥራት፦ ለሐዋሳ መምህራን የኦንላይን ኤዲተር አጠቃቀም

በብሮውዘር የሚሠሩ የቪዲዮ ኤዲተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት የቀረጹትን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ራሱ ሰርቨር ያስጭንዎታል፤ ከዚያ በኋላ ነው መቁረጥና መቀጠል የሚጀምሩት። ሁለተኛው ድረ ገጹን ብቻ ከፍቶ ሥራውን በእርስዎው ኮምፒውተር ጉልበት ይሠራል፤ ጥሬው ቀረጻ ከላፕቶፕዎ አይወጣም። የትኛው እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ አያገኙትም፤ የዳታ ጥቅልዎ ላይ ግን በአንድ ቀን ይታያል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች በ1080 ጥራትና በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጹ በሰከንድ 17 ሜጋቢት ገደማ ይጽፋሉ። ያን በ60 አባዝተው ለ8 ሲያካፍሉ በደቂቃ 127 ሜጋባይት ይሆናል። ለ5 ደቂቃ ትምህርት 20 ደቂቃ መቅረጽ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ጥሬው ብቻ 2.5 ጊጋባይት ነው። ያለቀው ቪዲዮ በ720 ጥራት ሲወጣ ግን ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ለተማሪ የሚደርሰው ይኸው ትንሹ ሆኖ ሳለ ትልቁን መጫን ገንዘብ ማባከን ነው።

ክሊፕቻምፕ የተባለው ኤዲተር ሲጀመር ጀምሮ ጥሬውን ፋይል ከኮምፒውተሩ ሳያስወጣ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ማይክሮሶፍት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ገዝቶታል፣ በክሮምና በኤጅ ይከፈታል፣ ነጻው እትም ያለ ዋተርማርክ (ቪዲዮው ላይ የሚታተም የድርጅት ምልክት) እስከ 1080 ያወጣል። ሆኖም ፕሮጀክቱ ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኦንላይን ማስቀመጫ ላይ እንዲቀመጥ ከተደረገ ፋይሉም አብሮ ይጫናል፤ በሥራና በትምህርት ቤት አካውንት ሲገቡ አሠራሩ እንዲህ ነው። ካንቫ የተባለው ደግሞ ፊቱንም ፋይሉን ወደ ሰርቨሩ የሚወስድ ነው፣ በነጻ የሚሰጠው ቦታም 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ለስላይድና ለሥዕላዊ መግለጫ ግን ካንቫን የሚያህል የለም፤ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆኑን ላረጋገጠም የትምህርት እትሙ በነጻ ይሰጣል።

የእነዚህ ድረ ገጾች አሠራር በየጊዜው ስለሚቀያየር ስም ከመያዝ ይልቅ ፈተናውን ይያዙ። 100 ሜጋባይት የሚሆን አንድ ቪዲዮ ወደ ኤዲተሩ ያስገቡ፤ ከዚያ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ከፍተው ብሮውዘሩ ስንት እንደበላ ያንብቡ። ከ100 ሜጋባይት በላይ ከጨመረ ፋይልዎ ሄዷል። የሚወዱት ኤዲተር የሚጭን ዓይነት ከሆነ መተው የለብዎትም፤ ጥሬውን አስቀድመው ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳንሱት። ይህ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጥራቱን 720፣ ፍሬሙን 30፣ የፍሬም አወጣጡን «ቋሚ» ያድርጉ፤ 2.5 ጊጋባይቱ 400 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳል።

«ቋሚ» የምትለዋን ምርጫ እንዳይዘሏት። ስልኮች ብርሃን ሲቀንስ ወይም ሲሞቁ የፍሬሙን ቁጥር እየቀያየሩ ይቀርጻሉ። ኤዲተሩ ግን 30 ነው ብሎ ስለሚቆጥር መጀመሪያ ላይ ድምፅና ከንፈር ገጥመው 4ኛው ደቂቃ ላይ ይለያያሉ። ብዙ ሰው ይህን የኤዲተሩ ጥፋት አድርጎ ፕሮግራም ይቀያይራል፤ ችግሩ ግን ከስልኩ የመጣ ነው።

ኤዲተሩ ከመከፈቱ በፊት

እንደ ምሳሌ አንድ የጂኦግራፊ ጥያቄ እንውሰድ፦ የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ታዲያ እንደ ሻላ ሐይቅ ለምን ጨዋማ አልሆነም? ከጨለለቃ ረግረግ የሚመጣው ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ፀሐይ ውሃውን ታተናለች፣ ጨው ግን አይተንም። መልሱ ከመሬት በታች ነው፤ ውሃው በስምጥ ሸለቆው አለት ውስጥ እየሰረገ ሲወጣ ጨውንም ይዞ ይሄዳል። ለአንድ ቪዲዮ ይህ በቂ ነው። የሐይቁን ዓሣ፣ ወፎቹንና የከተማውን ታሪክ እዚሁ ላይ መጨመር ሦስት ቪዲዮ አንድ ላይ ማጨቅ ነው።

ርዝመቱን ከ6 ደቂቃ በታች ያድርጉት። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ኤዴክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምረው ነበር፤ ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም ተመልካቹ በአማካይ ከ6 ደቂቃ በላይ አይቆይም። የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ እንዳለ ቀርጾ መለጠፍ ለዚህ ነው የማይሠራው።

ስክሪፕቱን በሁለት ዓምድ ይጻፉ፤ በግራ የሚነገረው፣ በቀኝ በዚያች ሰዓት የሚታየው። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ተማሪው የሚያየው የለም ማለት ነው፤ ወይ ሥዕል ይፈልጉለት ወይ ዐረፍተ ነገሩን ያውጡት። የንባብ ፍጥነትዎን ለማወቅ አንድ ገጽ በክፍል ውስጥ እንደሚናገሩት አድርገው በሰዓት ያንብቡ። ለመነሻ በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ብለው ቢይዙ ብዙ አይሳሳቱም፤ ለ5 ደቂቃ 500 ቃል መሆኑ ነው። ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል፣ ሲነበብ ይበቃል።

ድምፅ

ተማሪ ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ይዘጋል። ስለዚህ ድምፁን ለብቻው፣ ከምስሉ በፊት ይቅረጹ። ኋላ ላይ ምስሉ በድምፁ ልክ ይቆረጣል እንጂ ድምፁ በምስሉ ልክ አይጎተትም።

ውድ ማይክ አያስፈልግም፤ የስልክ ድምፅ መቅጃ ከአፍዎ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ ይበቃል። ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት፤ «ፐ»፣ «ጰ» እና «በ» ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን ሲመታው ዱም የሚል ድምፅ ይፈጥራል። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ በመሀል የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጠዋል።

ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል። አልጋና መጋረጃ ያለበት መኝታ ክፍል ይሻላል፤ ከፊት ለፊትዎ ፍራሽ ቢያቆሙ ወይም ጋቢ ቢዘረጉ ለውጡን ወዲያው ይሰሙታል። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት ከንቱ ነው፤ የዝናብን ድምፅ ለማጥፋት የሚሞክር ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ አብሮ የንግግሩን ድምፅ ይበላዋል። የባጃጅ፣ የጄኔሬተርና የድምፅ ማጉያ ጫጫታ የሚበርድበትን ሰዓት የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ በአብዛኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወይም በማለዳ ነው። ፍሪጅ ካለ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ይንቀሉት፤ መልሶ መሰካት እንዳይረሳ የመኪና ቁልፍዎን ወይም ቦርሳዎን ውስጡ ያስቀምጡ።

ቀረጻውን ሲጀምሩ 10 ሰከንድ ያህል ዝም ይበሉ። ይህች ዝምታ የክፍሉን የራሱን ድምፅ ትይዛለች። ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያችን ክፍል መርጠው ማናቸው ድምፆች እንደሚጠፉ ያሳዩታል፣ ከዚያ ሙሉውን መርጠው እነዚያን ድምፆች 12 ዴሲቤል ያህል ያስቀንሱታል። 20 እና 25 ማድረግ ያጓጓል፤ ያኔ ግን ንግግሩ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ሲሳሳቱ ቀረጻውን አያቁሙ። ሁለት ሰከንድ ጠብቀው ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገሙት። በኋላ የድምፁን ሞገድ ሲያዩ ጠፍጣፋዋ ቦታ ስህተቱ የት እንዳለ ትነግርዎታለች፤ ሁሉንም መልሶ ማዳመጥ አያስፈልግም።

በኮምፒውተር የሚፈጠር የአማርኛ ድምፅ መጠቀም የሚመርጡ አሉ። ማጥበቅና ማላላቱን በየቦታው ስለሚስተው አንመክርም፤ በተለይ ለታች ክፍል ተማሪ የመምህሩ የራሱ ድምፅ፣ ጎርናናም ቢሆን፣ ይሻላል።

ምስል

ስልኩን አግድም ይያዙት። ለትምህርት ቪዲዮ 16 ለ9 ነው፤ ለቲክቶክ የሚሆን ቁመታም ቅንጭብ ከፈለጉ ለብቻው ይሥሩት እንጂ ሁለቱን በአንድ ፕሮጀክት አይቀላቅሉ፤ ጥቁር ግድግዳ በግራና በቀኝ ይቀራል።

ከመቅረጽዎ በፊት በካሜራው ሴቲንግ አንድ ነገር ያስተካክሉ። አይፎንና አዳዲስ ሳምሰንጎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ በኤችኢቪሲ ይቀርጻሉ። ይህን ፎርማት አንዳንድ ብሮውዘርና ኮምፒውተር በትክክል አያነበውም፤ ያኔ ፋይሉ ሲገባ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ይሆናል። አይፎን ላይ «ከሁሉ ጋር የሚስማማ» የሚለውን ምርጫ ይያዙ፣ ሳምሰንግ ላይ «ከፍተኛ ቅልጥፍና» የሚለውን ያጥፉ። ቀረጻው አስቀድሞ ካለቀ ሃንድብሬክ ወደ ኤች 264 ይቀይረዋል።

ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ከአሞራ ገደል አካባቢ ውሃውን ለመቅረጽ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ሐይቁን ታበራዋለች። ከሰዓት በኋላ ሌንሱ ፀሐይን ፊት ለፊት ስለሚያይ ሰውየው ጥላ፣ ውሃው ነጭ ብቻ ይሆናል። ነፋሱም ይጨምራል። እዚያ የሚቀዳውን ድምፅ ለትረካ አያስቡት፤ ለስሜት ያህል የማዕበሉንና የዓሣ አጥማጆቹን ድምፅ 20 ሰከንድ ይያዙ፣ ይበቃል። ሰዎች ፊታቸው የሚታይ ከሆነ ያስፈቅዱ።

ስክሪኑ ላይ የሚፈልጉትን ቦታ በጣትዎ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፤ አለዚያ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል። እያንዳንዱን ቀረጻ ሳይንቀሳቀሱ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይያዙ። የ3 ሰከንድ ቀረጻ ኤዲት ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያጥራል።

የኮምፒውተር ስክሪን መቅረጽ ከፈለጉ ክሊፕቻምፕ ራሱ መቅጃ አለው፤ አንድ ቀረጻ ግን ከ30 ደቂቃ አያልፍም። ከመጀመርዎ በፊት የቴሌግራምን ማሳወቂያ ያጥፉ፣ የብሮውዘሩንም ፊደል መጠን ወደ 150 ፐርሰንት ያሳድጉ።

ፊደላችን ላይ የሚደርሰው

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ኤዲተሩ ውስጥ የሚያምረውን ፎንት መርጠው አማርኛ ሲጽፉ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ይደረደራሉ፤ ወይም ሲጽፉ ደህና ሆኖ ኤክስፖርት ሲደረግ ሌላ መልክ ይዞ ይወጣል። ምክንያቱ ፎንቱ የግዕዝ ፊደላት ስለሌሉት ኤዲተሩ ካገኘበት ቦታ ስለሚበደር ነው። ሌላው ወጥመድ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። የቀድሞዎቹ የዚህ ፕሮግራም ፎንቶች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሰያየም) ስላልነበሩ ከወርድ ገልብጠው ሲለጥፉት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በዩኒኮድ እንደገና ከመጻፍ ሌላ አቋራጭ ባይፈልጉ ይሻላል፤ ለርዕስ የሚሆኑት ጥቂት ቃላት ናቸው።

አስተማማኙ መንገድ ጽሑፉን ኤዲተሩ ውስጥ አለመጻፍ ነው። በፓወርፖይንት ኒያላን፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክን ተጠቅመው ርዕሱን፣ ሠንጠረዡንና ሥዕላዊ መግለጫውን ይሥሩ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ስላይድ እንደ ፒኤንጂ ምስል ያስቀምጡ። ፓወርፖይንት ሰፊውን ስላይድ ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ 1280 በ720 ያደርገዋል። 1920 በ1080 እንዲወጣ የስላይዱን ስፋት 20 ኢንች፣ ከፍታውን 11.25 ኢንች ያድርጉ። ይህን ሥራውን ሲጀምሩ ያስተካክሉት፤ መጨረሻ ላይ ከቀየሩት ጽሑፉ ሁሉ ቦታውን ይለቃል።

መጠኑን ደፈር ብለው ያሳድጉት። ተማሪው የሚያየው በስልክ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ በትንሽ እግርና በቀለበት ስለሆነ ሲያንስ ካዕቡና ሳልሱ ይምታታሉ። የሠሩትን ስላይድ ስልክ ላይ ከፍተው በክንድ ርቀት ያንብቡት። ካስቸገረ ይጨምሩ። አንድ ስላይድ ላይ ከ12 ቃል በላይ ከሆነ ተማሪው ወይ ያነባል ወይ ያዳምጣል፣ ሁለቱን አያደርግም።

ኤዲቱ

እስከዚህ ከተዘጋጁ ኤዲቱ ራሱ አጭር ነው። ድምፁን፣ ቪዲዮዎቹንና ምስሎቹን በአንድ ፎልደር ያድርጉ፤ ሥራው እስኪያልቅ የፎልደሩን ስም አይቀይሩ፣ ፋይሎቹንም ከፍላሽ ላይ ሆነው አይክፈቱ። ፋይሉ ኮምፒውተርዎ ላይ የሚቀርበት ኤዲተር ፍላሹ ሲነቀል ቪዲዮውን ያጣዋል፣ እንደገና እንዲያሳዩትም ይጠይቃል።

አዲስ ፕሮጀክት ከፍተው 16 ለ9 ይምረጡ። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ታይምላይኑ (ቀረጻዎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ያስቀምጡ። ስህተቶቹን ለመቁረጥ መስመሯን ቦታው ላይ አድርገው የእንግሊዝኛውን ኤስ ቁልፍ ይጫኑ፤ ይከፈላል፣ የማይፈለገውን መርጠው ዲሊት ይበሉ። ኤስ አልሠራ ካለ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ዝምታን ሁሉ አይጨርሱት፤ በሁለት ሐሳብ መካከል ግማሽ ሰከንድ ይተው፣ ተማሪው የሚያስብባት እሷ ናት። ድምፁ ብቻውን ተሰምቶ ትምህርቱ ካልገባ ምስል አያድነውም፤ ስለዚህ ዓይንዎን ጨፍነው አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይስሙት።

ቀጥሎ ከድምፁ በላይ ባለው ትራክ ምስሎቹን ይደርድሩ። ስለ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሲናገሩ ወንዙ ይታይ፣ ስለ ትነት ሲናገሩ ቀስቱ ይታይ፤ ምስሉ ከቃሉ በአንድ ሰከንድ እንኳ ሲዘገይ ያስታውቃል። ከቀረጻዎቹ ጋር የመጣውን የነፋስ ድምፅ ዝም ያሰኙት። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ቀጥታ መቁረጥ ይበቃል፤ የሚሽከረከሩና የሚበተኑ ትራንዚሽኖች ለሠርግ ቪዲዮ ይቆዩ።

ሙዚቃ ከተፈለገ ለመግቢያና ለመዝጊያ ብቻ ይሁን፤ ከንግግር ሥር የሚቀር ከሆነ ከ10 ፐርሰንት አይብለጥ። የታወቀ ዘፈን አይጠቀሙ፤ ዩቲዩብ በራሱ ይለየዋል፣ ቪዲዮውም ሊታገድ ይችላል። የዩቲዩብ የድምፅ ማኅደር ውስጥ በነጻ የሚወሰዱ አሉ። ኤዲተሩ ውስጥ የሚቀርቡትን ሥዕሎችና ሙዚቃዎች ሲመርጡ የክፍያ ምልክት እንደሌለባቸው ያረጋግጡ፤ አንዱ እንኳ ከገባ ኤክስፖርት ላይ ክፈሉ ይላል፣ የትኛው እንደሆነ ፍለጋም ሌላ ሥራ ነው።

ማውጣትና ማድረስ

በ720 ያውጡ። የሰሌዳ ጽሑፍ ወይም ካርታ የሚነበብበት ከሆነ ብቻ ወደ 1080 ይሂዱ። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚያወጣ ኤዲተር ከሆነ ታቡን አይዝጉ፣ ወደ ሌላ ታብም አይሂዱ፤ ብሮውዘር ከጀርባ ያለን ታብ ያዘገያል። መብራት ቢሄድ የቆረጡት ይተርፋል፣ እየወጣ የነበረው ፋይል ግን ከዜሮ ይጀምራል። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለው መብራት በሚያስተማምንበት ሰዓት ያውጣ፤ የላፕቶፕ ተጠቃሚ ባትሪውን ሞልቶ ይጀምር።

ሰብታይትል ለመሥራት ስክሪፕቱ እጅዎ ላይ ስላለ ግማሹ ሥራ አልቋል። በኖትፓድ እንዲህ ይጻፋል፦

1
00:00:04,000 --> 00:00:08,500
የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣበት ወንዝ የለውም።

ከሚሊ ሰከንዱ በፊት ያለችው ኮማ ናት፣ ነጥብ አይደለችም፤ ቁጥሮቹም የተለመዱት ይሁኑ እንጂ የግዕዝ አይሁኑ። በሁለት ጽሑፎች መካከል አንድ ባዶ መስመር ይተው። አንድ መስመር ከ30 ፊደል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንግ የሚለው ላይ ዩቲኤፍ-8 ይምረጡ፤ አንሲ ላይ ከተውት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገኛል። የፋይሉ ቅጥያ ኤስአርቲ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ከነሰዓቱ ይቀበለዋል።

ዩቲዩብ በስልክ ቁጥር ካልተረጋገጠ አካውንት ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፤ ለ6 ደቂቃ ግን ችግር የለም። ከክፍል ለክፍል የሚዘዋወረው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም በነጻ አካውንት እስከ 2 ጊጋባይት አንድ ፋይል ይልካል። ስልክ ላይ «እንደ ቪዲዮ» ሲልኩት ጨምቆ ሊያሳንሰው ይችላል፤ ጽሑፍ የሚነበብበት ከሆነ «እንደ ፋይል» ይላኩ። ዳታ ለሚያጥረው ተማሪ ሁለተኛ ቅጂ በ480 አውጥተው ጎን ለጎን ይለጥፉ፣ መጠኑንም በሜጋባይት ከሥሩ ይጻፉለት። ዩቲዩብ ላይ መጫኑን የሌሊት ጥቅል ገዝተው ቢያደርጉት ይረክሳል።

ፕሮጀክቱን ከጨረሱ በኋላ አይሰርዙት። ያው ትምህርት በሲዳምኛ ሊፈለግ ይችላል፤ ለዚያ የሚቀየረው የድምፁ ፋይልና የፒኤንጂ ስላይዶቹ ብቻ ናቸው። ፕሮጀክቱን ያባዙ፣ አዲሱን ድምፅ ያስገቡ፣ የእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ርዝመት ስለሚለያይ ምስሎቹን በአዲሱ ድምፅ ልክ ያሳጥሩ ወይም ያስረዝሙ። ሲዳምኛ በላቲን ስለሚጻፍ ስላይዱ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ የአማርኛውን ሲሠሩ በቀኝና በግራ ባዶ ቦታ ተርፎ ከነበረ ሌላ ማስተካከል አይኖርም።